ድንኳን መትከያችን

እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ እድራችን ድንኳን የሚተክልባት አንዲት ባዶ ቦታ ነበረችን። የቀረው ሰፈር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ ነው። ሰው ሲሞትብን የምናለቅሰው እዚያች ላይ ነበር። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ።

አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እዚያች ቦታ ላይ ፎቅ ልሥራላችሁ ብሎ መጣ። ምድር ቤቱ የእኛ የለቅሶ አዳራሽ፣ ላዩ የእነሱ ማሠልጠኛ ይሆናል ተባለ። አስተባባሪው ትሁት ሰው ነው፤ ሽማግሌ ሲያይ ከወገቡ ዝቅ ይላል፣ ለቅሶ ቤት መጥቶም ከእኛ ጋር ንፍሮ ቆርጥሟል። ያለ እናንተ ፈቃድ አንድ ድንጋይ አይነሳም አለን። ወደድኩት። ለጎረቤቱ ሁሉ የመሰከርኩለት እኔ ነኝ።

ወራት ሙሉ ተሰበሰብን። በሩ አስከሬን ሳይንገላታ የሚያስገባ ይሁን አልን፤ አንገቱን እየነቀነቀ ጻፈ። በየስብሰባው መጨረሻ ወረቀት ይዞራል፣ እንፈርማለን። በእድር ልማድ ፊርማ መጥቻለሁ ማለት ነው፤ ያልፈረመ እንደ ቀሪ ተቆጥሮ ይቀጣል። ስለዚህ እኛ ሰፈር ወረቀት ሲዞር ስሙን ፈልጎ የሚፈርም እንጂ ከላይ ምን ተጽፏል የሚል የለም። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን አሮጊት ጎረቤቴንማ ወረቀቱን እቤታቸው ድረስ ወስጄ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈርሜያቸዋለሁ፤ ቀሪ እንዳይባሉ ብዬ።

መኪና ስለማይገባ ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ከአስፋልቱ በትከሻችን ያመላለስነው እኛው ነን። የማዕዘኑ ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ ሲሸከም ይውል ነበር።

ፎቁ ሲያልቅ ምድር ቤቱ ቢሮ ሆነ፣ በሩ ላይም ዘበኛ ቆመ። አስተባባሪው ዘንድ ሄድኩ። በአክብሮት አስቀመጠኝና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ነዋሪው ቦታውን ለድርጅቱ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን ይናገራል። ከሥሩ የስብሰባ ፊርማዎቻችን ተደርድረዋል፣ የመጀመሪያው የኔ ነው።

"ማኅበረሰቡ ተሳትፏል" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ወጥቼ ለእድርተኛው ነገርኩ። ያልረገጥነው ቢሮ የለም፤ ሁሉም ፊርማው የእናንተ ነው አይደለም ብሎ ይጠይቀንና ይሸኘናል።

ክረምት ላይ የአሮጊቷ ባል አረፉ። አዳራሹን ለሦስት ቀን ብቻ ስጡን ብለን ዘበኛውን ብንለምነው ደብዳቤ አምጡ አለን። ድንኳኑ ቅያሱ ውስጥ አልዘረጋ አለ። ለቀስተኛው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ የቆርቆሮው ውሃ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል። አሮጊቷን በወንበር ተሸክመን አውጥተናቸዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ያ ሰውዬ እንዴት አድርጎ እንዳታለለን ልነግራቸው ጀመርኩ።

አላስጨረሱኝም።

"እሱንማ የት አውቀዋለሁ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ያመንኩት አንተን ነው።"

ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ማለፍ አቅቶኛል። በጊዮርጊስ በኩል ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።