ሽንኩርት ሳይገባ የሚወጣ ድርሻ

ውሻው ወደ ግቢያችን የመጣው የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ባደረበት ማግስት ነው። ጠዋት የቆርቆሮውን በር ስንከፍት፣ ጭቃ የለበሰ ቡችላ ከበሩ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ስም ያወጣለት ሰው የለም። ኦሮምኛ የሚናገሩት ጎረቤቶቼ «ሳሬ» ይሉታል፣ ሶማልኛ የሚናገሩት «ኤይ»፣ እኔ ደግሞ «ውሻው»። ሦስቱም ያው ውሻ ማለት ነው፤ በሦስቱም ሲጠሩት ይመጣል።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነበር። ግቢው ቀበሌ ያከራየን ሲሆን፣ መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ዳር፣ ሦስት ቤቶች በአንድ ቧንቧ የምንጠቀምበት ነው። በአንደኛው ቤት የባቡር ሠራተኛ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። በሁለተኛው የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሶማሌ ሴት ትኖራለች፤ ሁላችንም «ኤዶ» እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ሦስተኛው የእኔ ነው። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የተበላሹ ሰዓቶችን እየፈታሁ ራሴን ጥገና አስተምሬ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ እሠራ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ማታ ስገባ ጭራውን እየቆላ የሚቀበለኝ ውሻው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያልተናገርኩትን ለእሱ እናገራለሁ።

ምግብ አላጣም። ኤዶ ለሰላቷ ንጽሕና ስለምትጠነቀቅ አትነካውም፤ ግን ሳይሸጥ ያደረ ወተት ካላት ልብሷን ሰብስባ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈናጠቅባት ወደ ጣሳው ታንቆረቁርለታለች። የባቡር ሠራተኛው ሚስት የወጥ ትራፊ በእንጀራ እየፈተፈተች ትሰጠዋለች። እኔም የማመጣው ከምግብ ቤት የተረፈ ቁሌት የነካው ዳቦ ነው።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ ድግስ ሆነለት። በየቤቱ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ይጠበሳል። በዚያ ወር ማንም እጁን አያጥፍም፤ ለሰውም ለእንስሳም ይሰጣል። የተሰበረው፣ ያረረው፣ ልጆች ጠርዙን ገምጠው የተዉት ሳምቡሳ ሁሉ ለውሻው ነው። ከጎረቤት ግቢ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለው ይልኩለት ነበር። ሳምቡሳ ማለት ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው።

ወሩ ሊጋመስ ሲል ውሻው በሩ ድረስ መጥቶ መቀበሉን ተወ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከጥላው መነሣት አቃተው፤ ተኝቶም እንደ ሮጠ ውሻ ያለከልካል። ሽንቱ ብዙ እንደቆየ ሻይ ጠቆረ።

«መርዝ ነው» አለ የባቡር ሠራተኛው። «ለመንገድ ውሾች የሚጥሉትን በልቶ ነው። አቦ፣ አታልቅስበት፣ ሌላ ቡችላ አመጣልሃለሁ።»

ሌላ ቡችላ አልፈለግኩም። በማግስቱ ማለዳ በጆንያ አቅፌው መንገድ ወጣሁና ጋሪ አስቆምኩ።

«ሙሽራው ወዴት ነው?» አለኝ ባለጋሪው።

«የከብት ሐኪም ጋ።»

«ፈረሴ ሲታመም እንኳ በእግሩ ነው የሚሄደው» አለና፣ እየሳቀ ለውሻው ቦታ ለቀቀለት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ በሩ ላይ ላሞችና ፍየሎች ተሰልፈው ሳለ እኔን ከነውሻዬ አላመናጨቀኝም። የውሻውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን አየ። ድዱ ነጭ ነበር፤ እኔ ሰዓት ስፈታ ከሥሩ እንደማነጥፈው ጨርቅ ነጭ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ።

«ምን ይበላል?»

አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ሳምቡሳ ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ሽንኩርት የውሻን ደም ይሰብራል» አለኝ። «ጥሬውም፣ የተቁላላውም፣ የተጠበሰውም ያው ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ። መርዝ የሰጠው የለም፤ ወዳጅ ነው ያበዛበት።»

«መድኃኒት አለው?»

«መድኃኒቱ መተው ነው። አዲስ ደም እስኪተካ ድረስ ከቆየ ይተርፋል። ጉበት ቀቅለህ፣ እንቁላል ቀቅለህ፣ በትንሽ በትንሹ። ጨውም በርበሬም አታግባበት። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል፣ ተወው። ቸኮሌትም አይሆነውም። ማንጎ ብትሰጠው ግድ የለም፣ ፍሬውን ግን አውጣ።»

ስንመለስ በጋሪው ላይ ሳስበው፣ በእኛ ግቢ ሽንኩርት የማይገባበት ምን አለ? ወጡ፣ ሾርባው፣ ሩዙ፣ ፉሉ ሁሉ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ግን ለጎረቤቶቼ መናገሩ ነበር። በደግነት የሰጡትን ሰዎች፣ «የሰጣችሁት ነው የጎዳው» ማለት እንዴት ይቻላል? ቧንቧው ጋ ቆሜ ስንተባተብ የባቡር ሠራተኛው ሚስት ጣልቃ ገባች።

«የእኔ ሳምቡሳ? ባሌ አሥሩን በልቶ ምንም አልሆነም!»

«ሰው ምንም አይሆንም» አልኳት። «ውሻ ነው የማይችለው።»

ኤዶ ከደጃፏ ሆና፣ «ወተቴስ?» አለች።

«ወተቱ ደህና ነው፣ ኤዶ።»

«ሰማሽ?» አለቻት ጎረቤቷን፤ የዚያን ቀን ቀኑን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ዋለች።

ጉበት በየቀኑ አይገኝም፤ ቢገኝም በድሬ ሙቀት አያድርም። ስለዚህ የሚቆይ ነገር ለመሥራት አሰብኩ። ጉበቱን ያለ ጨው ቀቅዬ በቢላ አደቀቅኩት፤ ከቀበሌ ሱቅ በተራ ካገኘሁት የማሽላ ዱቄትና ከእንቁላል ጋር፣ በራሱ መረቅ ለወስኩት። በጣት ስነካው የማይጣበቅ ሲሆን ዳምጬ፣ እንደ ጥፍር አነስ አነስ አድርጌ ቆራረጥኩት። ቀሪው ማድረቅ ነው። በከሰል ሞከርኩት፤ ውጭው አረረ፣ ውስጡ ሊጥ ቀረ። ትሪውን ይዤ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «ምንድነው?»

«ለታመመ ውሻ ነው።»

«የውሻ ምግብ በእኔ ምድጃ? በረመዳን? አቦ፣ ሂድልኝ!»

ትሪዬን ይዤ ልዞር ስል ዳቦ ልትገዛ የቆመችው ኤዶ ናት የተናገረችው።

«ጉበቱ የት ታረደ?»

«መጋላ፣ ልኳንዳው ጋ» አልኩ።

«ሐላል ነው። ማሽላውም ማሽላ ነው። ውሻው ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

ወደ ጋጋሪው ዞረች። «ታዲያ ውሻው አፉን እስኪያስገባበት ድረስ የሰው ምግብ ነው። ጾመኛ ባልሆን እኔ ራሴ እቀምስልህ ነበር። ወላሂ፣ የአንተ ዳቦ ከዚህ የባሰ የደረቀበት ቀን አለ።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋጋሪውም እየተቆጣ ትሪውን ተቀበለኝ፤ ዳቦው ወጥቶ ምድጃው ሲበርድ አስገባው። ማታ ልወስድ ስሄድ፣ አፍጥሮ ጨርሶ፣ አንዱን ቁራጭ እየቆረጠመ አገኘሁት።

«ጨው ረስተሃል» አለኝ።

ውሻው ግን አልበላም። አፍንጫው ሥር ባስቀምጥለት ፊቱን አዞረ። ከጎኑ ተቀምጬ የጎድኑን መነሣትና መውደቅ እያየሁ ሳለ፣ ኤዶ ወተት በጆግ ይዛ መጣች። ውሻው ምግቡን እንዳልነካ አይታ፣ እኔ ቁራጩን ጣሳው ውስጥ እንድሰብር በጣቷ አመለከተችኝ፤ ከዚያ ከላይ አንቆረቆረችበት። እስኪርስ ጠበቅን። ውሻው ምላሱን አውጥቶ አንድ ጊዜ ላሰ። ቆየና ደገመ። ኤዶ «ተወው፣ አታጣድፈው» ብላ ልትሰግድ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እንዲሁ ሆነ፤ እኔ እሰብራለሁ፣ እሷ ታንቆረቁራለች።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ግን የኢድ ዋዜማ ነው። ከሥራ ስመለስ በየደጁ ድስት ተጥዷል። የባቡር ሠራተኛው ሚስት ሽንኩርቱን ከትፋ በሰሃን ከጎኗ አስቀምጣለች፤ ወደ ድስቱ ግን ገና አልጨመረችውም። ሥጋው በውኃ ብቻ ሲፈላ ጥቂት ቁራጭ በጭልፋ አወጣች፣ ከአጥንቱ ለየች፣ በጣሳ እኔ በር ላይ አስቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ሽንኩርቷን የጨመረችው።

«ባሌ ‹ከልጆቼ በፊት ለውሻ ሥጋ ይወጣል?› አለኝ» አለች። «ልጆቼ ሽንኩርት ይችላሉ አልኩት።»

እንድታደርገው ማንም አልጠየቃትም። የወጥ አሠራሯን የቀየረችው ራሷ ናት። አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የዚያን ጊዜ ምላሴ ለእንዲህ ያለ ነገር አይፈታም ነበር። አሁን እላለሁ።

ኤዶም ከድስቷ ያወጣችውን ይዛ መጣች። ውሻው በአራት እግሩ ቆሞ ነበር፤ እግሮቹ ቢንቀጠቀጡም ቆሟል። እሷ ሥጋውን ከመስጠቷ በፊት አንድ እርምጃ ርቃ ቆመችና፣ «ክፈተው፣ እኔም ልየው» አለችኝ።

ከንፈሩን ገለበጥኩ። ልብሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ ድዱን አየች።

«ቀልቷል» አለች። «አልሐምዱሊላህ።» ሥጋውን ጣሳው ውስጥ ጥላ፣ ድስቷ እንዳያርባት እየተጣደፈች ተመለሰች።