አምስት ዓመት ላረሰ

የልጅ ልጄ ለፈተና ታጠናለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ያወጣቸውን ሕጎች ከደብተሯ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር፤ የባቡር ሐዲዱን፣ የኮሌጆቹን፣ ከዚያ የመሬቱን። «አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰ፣ መሬቱ የራሱ ይሆናል» ስትል ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ።

ይህን ሕግ መጀመሪያ የሰማሁት በንጉሡ ዘመን፣ ጎንደር ስማር፣ ከፈረንጅ መምህራችን ነው። ያኔ ቀሐ ወንዝ አጠገብ በተከራየናት ክፍል ከደሳለኝ ጋር እኖር ነበር። ደሳለኝ የእንፍራንዝ ቄስ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት የከረመ፣ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው። እኔ እንኳን ለማውራት ለመጠየቅም እፈራለሁ። ደሳለኝ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ ከአገራችን ከትክል ድንጋይ ለመሬት ክርክር መጣ። ሃያ ዓመት ያረሰውን መሬት ዘመዶቹ «አጥንቱ ከእኛ አይቆጠርም፣ ርስት የለውም» ብለው ከስሰውት፣ በማግስቱ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ነው። አጨዳውን ጥሎ ስለመጣ ጋቢው ላይ የጤፍ ገለባ ነበረበት። ያመጣልንን በሶ እያሸን ሳለ ደሳለኝ ያንን ሕግ አጫወተው።

«የማንን አጥንት ቆጥሮ ነው መሬቱን የሚያገኝ?» አለ አባቴ።

«የማንንም፣ አያ ተሰማ። አምስት ዓመት ካረሰ ይበቃዋል።»

«ጦርነት ላይ ሆነው ይህን አሰቡ?»

አባቴ እኔን አልፎ ትልቁን የበሶ ጭብጦ ለደሳለኝ ሰጠው። «ሸጋ ልጅ። ነገ አብረኸኝ ቆመህ ለዳኛው ይህንኑ ትነግርልኛለህ» አለው።

የባዕድ ሕግ ጎንደር ላይ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ያንገበገበኝ ግን እሱ አይደለም። አባቴ እኔን አንድም ቀን «አብረኸኝ ቁም» ብሎኝ አያውቅም። ቀናሁበት።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ሕግ አልተማርንም።»

ደሳለኝ ቀና ብሎ አየኝና ወደ በሶው አቀረቀረ። በአባት ፊት ልጁን ውሸታም ማለት ነውር ሆኖበት ይመስለኛል። አባቴም ደሳለኝን «ምነው ልጄ፣ በሽማግሌ ትቀልዳለህ?» አለው። በማግስቱ ብቻውን ሄዶ ተረታ። ደሳለኝ በሳምንቱ ሌላ ክፍል ተከራየ።

አባቴ ከዚያ በኋላ እስኪሞት የሰው መሬት አረሰ። ሲደክመው ቁጭ ይልና «ያ የእንፍራንዝ ልጅ፣ ውሸቱ እንኳ ሸጋ ነበር» ይል ነበር። እኔም አጠገቡ ሆኜ እስቃለሁ።

«አያቴ፣ ይህን እናንተም ተምራችኋል?» አለች የልጅ ልጄ ከውስጥ።

«ተምረናል» አልኳት። ይህችን አንዲት ቃል ለአባቴ ሳልነግረው ቀረሁ።