ኤሊሂዮ ያላያት ኳስ

በቦካ ናራንሆ መንደር ዳኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሌላ የሚሠራው የለውም። ኤሊሂዮ ፓውሊኖ ሞኝ አልነበረም። የስኳር ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የሸንኮራ ሚዛን ላይ ሠርቷል። ፋብሪካው ሲዘጋ እኩዮቹ በረንዳ ላይ ዶሚኖ ሲጫወቱ አረጁ፤ እሱ ግን ሰማያዊ ሸሚዙን አስተኩሶ እሑድ እሑድ ቤዝቦል ሊዳኝ ሜዳ ይወጣል። በሌላው ቀን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እሑድ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን ጠርቶ ይሰድበዋል፤ ለእሱ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እሱ ከሚቆምበት ከሦስተኛው የሯጮች ማረፊያ፣ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ፣ ሩማቸውንና ቺቻሮን የሚሉትን የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይዘው የሚሰየሙት ገና መስመሩ ላይ ሲቆም ይጀምሩታል።

«ኤሊሂዮ፣ ምርኩዝህን የት ረሳኸው?»

«ተዉት እባካችሁ፣ ሚስቱ ኑሪስ መንገድ የሚመራ ውሻ ልትገዛለት ነው!»

ዳኛ ሁሉ ዕውር ይባላል፤ ሌሎቹ ሲባሉ ይስቃሉ። ኤሊሂዮም ከአንገት በላይ ይስቃል፤ ሸሚዙ ግን በላብ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ሰዎቹ ሳያውቁት እውነታቸውን ነበር።

ቀኝ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግራውም ተከትሎ እየደፈረሰ ነው። ሰው ያያል፣ አጥር ያያል፣ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ገለል ይላል። ኳሷ ግን ከመቺው ዱላ ተነሥታ ሰማይ ላይ ከወጣች በኋላ ለእሱ የለችም። ሚስቱ ኑሪስ አንድ ጠዋት ቡናውን ከስኒው ውጪ ሲቀዳ አየችውና ከዚያ ወዲህ ፋታ አልሰጠችውም።

«ነገ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ዓይንህን ታሳያለህ።»

«አቧራ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሁለት ዓመት የማይለቅ ምን የሚሉት አቧራ ነው?»

«የቦካ ናራንሆ አቧራ ነዋ፣ እናቴ። አታውቂውም እንዴ?»

በቀልድ ያመልጣታል። አባቱ ለዚሁ ሕመም ኦፕራሲዮን ሆነው፣ ፋሻው ሲፈታ ጭራሽ ጨልሞባቸው ቀርተዋል፤ ስለዚህ ሐኪም ሲባል ወሬ ይቀይራል። ዓይኑ መታመሙ ቢሰማ ደግሞ ሊጉ በዚያው ቀን ያሰናብተዋል። መታከም ያስፈራዋል፣ አለመታከምም ያስፈራዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ቢያቅተው ዝም ብሎ መፍራቱን ቀጠለ።

ታዲያ እንዴት ይዳኛል? በሰው ጀርባ ነው የሚዳኘው። የቆዩ ዳኞች የሚያውቋት ዘዴ አለች፦ ኳስ ከፍ ብላ ወደ አጥሩ ስትሄድ፣ እሷን ትተህ የሚያባርራትን ተጫዋች ትከሻ እይ። ሩጫውን ገታ አድርጎ ትከሻውን ከጣለ ኳሷ አጥሩን ተሻግራለች፣ ሆምረን ናት፤ መቺውም ቤዝ ላይ የቆመ ጓደኛውም ነጥብ ያስገባሉ። ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ውጪ ካወናጨፈ ግን አጥሩ ጥግ ካለው ቢጫ ምሰሶ ውጪ ሄዳለች፣ ነጥብ የላትም። ሌሎቹ ዳኞች በዚህ ዓይናቸውን ያግዙበታል። ኤሊሂዮ የሚያግዘው ዓይን አልነበረውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሲኖር ዘንድሮ ቪዲዮው መጣ። እግር ኳሱ ቫር እንዳለው ሁሉ፣ የኛም ሚጢጢ ሊግ ለሆምረን ክርክር ብቻ ካሜራ ገዛ። ካሜራው የተመልካቾቹ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ ስክሪኑ ደግሞ ከተጫዋቾች መቀመጫ አጠገብ ዳስ ተሠራለት። የመጨረሻው ቃል የአንጋፋው ዳኛ እንዲሆን ተወሰነ። አንጋፋው ኤሊሂዮ ነው። የራሱን ስሕተት ራሱ ሊመረምር ነው ተብሎ ሕዝቡ ሲያላግጥ ከረመ። እሱ ግን ማታ ማታ ዳሱ በሕልሙ ይመጣበት ጀመር።

አንድ ሁለቴ ክርክር ተነሥቶ ስክሪኑ ፊት ቆሟል። የዳነው በራዳሜስ ነው። ራዳሜስ ከመቺው ጀርባ ቆሞ የሚዳኘው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ የኤሊሂዮን ትልቋን ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው። ኤሊሂዮ ቶሎ ብሎ «አንተ ምን አየህ?» ይለዋል፤ ያየውን ሲነግረው ደግሞ የራሱ አስመስሎ ያውጃል።

ከገና በፊት በዋለው እሑድ ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። በመጨረሻው ዙር የኛ ልጆች በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ እንግዶቹ ቤዝ ላይ አንድ ሰው አላቸው። መቺው አንዴ ከሳተ ጨዋታው አለቀ፤ ሆምረን ከመታ ግን ሁለት ነጥብ አግኝተው ይመራሉ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ከግራው አጥር በላይ ቆማለች።

መቺው መታ። ኤሊሂዮ ከድምፁ ብቻ ኳሷ ሩቅ እንደምትሄድ አወቀ፤ ጆሮው ደኅና ነው። ወደ ዩዲ ዞረ። ዩዲ የኛ የግራ መስክ ተጫዋች ነው፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ መንደሩ የሚሞትለት ልጅ። ዩዲ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ወደ ውጪ አወናጨፈ። ኤሊሂዮም ሁለት እጁን አነሣ። ውጪ!

የኛ ሰው በጩኸት ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የእንግዶቹ አሰልጣኝ ቺቺ ሮጦ መጥቶ አፍንጫው ሥር ቆመ።

«ሰውዬ፣ ኳሷ ምሰሶውን ልትላጨው ምንም አልቀራትም፣ ግን ውስጥ ናት! እኔ እዚያ ተቀምጬ ያየኋትን አንተ እዚህ ቆመህ እንዴት አጣሃት?»

«ወደ ቦታህ ተመለስ ቺቺ።»

«ቪዲዮው ይታይ! መብቴ ነው።»

መብቱ ነው። ኤሊሂዮ ወደ ዳሱ ሄደ። ከአጥሩ በስተጀርባ አንዱ «ኤሊሂዮ፣ ዛሬ ካበላሸህ ቤትህን እናውቀዋለን!» ሲል ሰማ። እውነት ነው፣ ያውቁታል፤ ጎረቤቶቹ ናቸው።

የካሜራው ባለሙያ ቪዲዮውን ከፈተው። ኤሊሂዮ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ ተጠጋ። ሣሩ አለ፣ አጥሩ አለ፣ ቢጫው ምሰሶ አለ፣ የዩዲ ጀርባ አለ። ኳስ የለችም።

«ድገመው» አለ።

ተደገመ። ያው የዩዲ ጀርባ ነው።

«እስቲ አዝግመው።»

የዩዲ ጀርባ ቀስ ብሎ ቆመ፣ እጁ ቀስ ብሎ ተወናጨፈ።

«አንተ ምን አየህ አበልጄ?»

ራዳሜስ ጭምብሉን ብብቱ ሥር እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬስ አንተ ቅደም። ውሳኔው ያንተ ነው፤ ባለፈውም እኔን ነው ያስቀደምከኝ።»

ኤሊሂዮ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ውጪ ናት ብሎ፣ ኳሷ ውስጥ ሆና ለራዳሜስ ቁልጭ ብላ ታይታው ከሆነ አለቀለት። ውስጥ ናት ብሎ ውጪ ሆና ከተገኘች ደግሞ ከሜዳው በሕይወት መውጣቱን እንጃ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ፋብሪካው ሲዘጋም፣ የአባቱ ፋሻ ሲፈታም እንዲህ አልሆነም። ባለሙያው እንዳይሰማ ራዳሜስን በክንዱ ይዞ ወደ ዳሱ ጥግ ሳበው።

«ኳሷን አላየኋትም» አለው በሹክሹክታ። «እዚህም ሜዳው ላይም። ዓይኔ ጠፍቷል። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የምዳኘው የልጆቹን ጀርባ እያየሁ ነው። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ የት እንዳለፈች ንገረኝ።»

ራዳሜስ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ቪዲዮውን አንዴ ደግሞ አስከፈተና ወደ ጥጉ መጣ።

«ለእኔም አትታየኝም። ካሜራው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ ምሰሶው ጋ ስትደርስ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። የማንም ዓይን አያያትም።» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅብህም ነበር።»

«እና አሁን?»

«አሁንማ አወቅኩት። ከእኔ አፍ አይወጣም። ግን አውቄዋለሁ።»

ቪዲዮው ካልለየው የመጀመሪያው ውሳኔ ይጸናል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ኤሊሂዮ ወጥቶ እጁን አነሣ። መቺው ቀጥላ የተወረወረችለትን ሳታት፣ ጨዋታው አለቀ፣ ቦካ ናራንሆ አበደች። ሲሰድቡት የዋሉት አጥር ዘለው አቀፉት። «ካሜራ ያቃተውን አየ! ንስር ነው!» እያሉ ሩም አፈሰሱበት። ፊታቸውን ሳይለይ በየተራ ሳሙት።

ወደ ዳኞቹ ክፍል በሚወስደው መተላለፊያ ዩዲ ጠብቆት ነበርና ግንባሩን ሳመው።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አላሳፈሩኝም።»

«ምን አደረግኩልህ?»

«ኳሷ ውስጥ ነበረች እኮ፤ ይህችን ታህል ከምሰሶው ወደ ውስጥ ገብታ ነው ያለፈችው። እጄን ካወናጨፍኩ እንደሚያዩኝ አውቄ ነው።»

ኤሊሂዮ ግድግዳውን ያዘ። «ማን ነገረህ?»

«ኧረ ማን ያላወቀ አለ? የግራ መስክ የሚጫወት ሁሉ ያውቃል፤ የኛም የእነሱም። አዲስ ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚነገረው ይኼ ነው፤ ዶን ኤሊሂዮ ባሉበት ቀን ትከሻህን ጠብቅ ይባላል። አይዞዎት፣ ማንም አያጋልጥዎትም። እርስዎ ከሄዱ ማን ይምጣብን?»

ልጁ ይህን ያለው በፍቅር ነበር፤ ለኤሊሂዮ ከስድቡ ሁሉ የባሰው ይኸው ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳይነቃበት ሲሰጋ፣ ለካ መጀመሪያውኑ ነቅተውበት እነሱ ሲዳኙ ኖረዋል። ስንት ጨዋታ በእሱ እጅ ተሰርቋል? ማሰቡ ራሱ አስፈራው።

ወደ ክፍሉ ሲገባ ራዳሜስ ጫማውን ይፈታል። የሊጉ ሊቀመንበር ዶን ፕላሲዶ ሲጋራቸውን ይዘው እየሳቁ ገቡ።

«ምን ዓይነት ዓይን ነው እናንተ! ኤሊሂዮ፣ ፍጻሜውን ከመቺው ጀርባ ቆመህ የምትዳኘው አንተ ነህ። ሕዝቡ ውጪ እየጠራህ ነው።»

ከመቺው ጀርባ። ኳሷ በሰው ራስ አጠገብ እያፏጨች የምታልፍበት ቦታ። ኤሊሂዮ ራሱን በኳስ የተመታ ልጅ ከፊቱ ተዘርሮ ታየው።

«ዶን ፕላሲዶ፣ ኳሷን አላየኋትም።»

«ካሜራውም አላያት!» ብለው ሳቁ።

«ካሜራው ያላየው ዛሬ ብቻ ነው። እኔ ካላየሁ ሁለት ዓመቴ።»

ሰውዬው ወደ ራዳሜስ ዞሩ፤ ራዳሜስ ቀና አላለም። ዶን ፕላሲዶ በሩን ዘጉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ስማኝ። የዛሬው ውጤት ያንተ ዓይን ነው። አላየሁም ብለህ ዛሬ ብታፈርሰው ያ ሕዝብ ሜዳውን ያቃጥለዋል። እስከ ፍጻሜው ድረስ ታያለህ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግክ።»

ኤሊሂዮ ሰማያዊ ሸሚዙን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተወውና በካናቴራው ብቻ ወደ ውጪው በር ሄደ። ከበሩ ማዶ ሕዝቡ ተፋፍጎ ስሙን ይጠራል። ኑሪስ እዚያ መሃል እንደምትጠብቀው ያውቃል፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትጠብቀው። ፊቱ ያለው ግን ቀለም ብቻ ነበር።

«ኑሪስ!» አለ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «የት ነሽ? አይታየኝም።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱ ግን እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን እየዳበሰ ቆመ፤ ሳቁም ከፊት ከነበሩት ጀምሮ እየቀረ ሄደ።