የሻረግ ያልተነገራት ቃል

የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ስገባ፣ ባንኮኒው ላይ የፈሰሰው አልኮል ሽታ ገና ከደጃፉ ተቀበለኝ፤ ባለመድኃኒቷ መቅደስ ደግሞ የምትወለውልበትን ጨርቅ ጥላ አንዲት ስስ የስፓኒሽ መማሪያ መጽሐፍ ገለጠችና፣ አያ ምሕረቴ፣ ይህች «ያ» የምትባል ቃል አሳበደችኝ፣ በአንዱ ገጽ «አሁን»፣ በሌላው «ከእንግዲህ»፣ በሦስተኛው «በቃ» ትሆንብኛለች አለችኝ። ደግ አደረገች። ከቡሬ እስከ ጅጋ ባለው አገር ለዚህ ጥያቄ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ ቢኖር ኖሮ እሰማ ነበር።

እኔ ስፓኒሽ የተማርሁት ያለ አስተማሪ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ሳያቀመቅም፣ አባቴ ከቡሬ ልኮኝ ፍኖተ ሰላም አጎቴ ቤት ሆኜ እማር ነበር። አጎቴ አያ ፈንታ የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ነው፤ ቤታችንም ከኩባዊው ሐኪም ከዶክተር ራሞን ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ሰውየው ጢሙን ሲላጭ ይዘፍናል፣ ዶሮዎቹን ይሰድባል፣ አልነሣ ያለች መኪናውን ይለማመጣል፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ የሰማሁትን እደጋግማለሁ። ዳዊት በቃሉ ለያዘ ልጅ ይህ ምን ይከብዳል? ክረምቱ ሳይወጣ ሐኪሙ በእኔ አፍ ይናገር፣ በሽተኛውም በእኔ አፍ ያቃስት ጀመር።

ስለዚህ መቅደስን እንዲህ አልኋት፤ በልተሽ ከሆነ «ያ ኮሚ» ትያለሽ፣ በልቻለሁ፣ አታስቸግሩኝ ማለት ነው። ሲጠሩሽ «ያ ቦይ» ትያለሽ፤ እኛስ ከመደባችን ሳንነሣ «መጣሁ» እንል የለ፣ እንደዚያው ነው። «ያ ኖ» ካልሽ ድሮ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን የለም ማለትሽ ነው። ሥራሽን ስትጨርሺ «ያ እስታ»፤ ሰው ሲዘገይብሽ ደግሞ «ያ» ብቻ፣ አሁኑኑ ማለት ነው። ልጅቱ ትጽፋለች፤ እኔ ግን ያ አልኮል እየሸተተኝ ከአፌ የሚወጣውን ቃል በሌላ ሰው ድምፅ እሰማው ጀመር።

የሻረግ ከጅጋ ማዶ የመጣች እናት ነበረች። ይበልጣል የሚባለው አንድ ልጇ ሆዱን ታሞ ተኝቶ፣ እሷ ከሐኪም ቤቱ ግቢ ዋርካ ሥር ጋቢዋን አንጥፋ ትውላለች። ሐኪሙ ባለፈ ቁጥር ምን አለ ትለኛለች፤ እኔም ደግ ደጉን እነግራታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እጁን በአልኮል እየጠራረገ ወጣና በረንዳው ላይ ቆሞ «ያ» አለ። ፊቱን ሳይ ልጁ እንደሞተ ገባኝ። የሻረግ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ዲሴሎ ያ» አለኝ ሐኪሙ፤ ንገራት፣ አሁኑኑ። ልጁ የእሷ ነው፣ ሞቱም የእሷ ነው፣ እኔና አንተ በምን መብት እንደብቃታለን ይላል። ከኋላዬ ደግሞ የአያ ፈንታ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«እናት በሰው ግቢ መርዶ አትሰማም፣ ልጄ» አለኝ በለሆሳስ። «እዚህ ማን ይይዛታል?»

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ ደጅ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚያውቀው ሁሉ እንደማያውቅ ይሆናል። ሐኪሙ ይህን ከየት ያውቃል? የሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔ ያልሁት ይሆናል።

«ተኝቷል» አልኋት። «እርስዎ ዛሬ አገርዎ ገብተው ይደሩ። ነገ ይመጣልዎታል።»

ጎንበስ ብላ የሐኪሙን እጅ ሳመች፤ እጅህ ይባረክ፣ እናትህ አንተን አትጣ አለችው። ምን አለች ብሎ ሲጠይቀኝ ምርቃቷን አንድም ሳላስቀር ተረጎምሁለት፤ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ነጠቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ጋቢዋን አጣጥፋ፣ ለልጇ ያመጣችውን ዳቦ ለእኔ ሰጥታኝ በጭነት መኪና ሄደች። ያን ዳቦ ማንም አልበላውም። ዛሬም ሰው «ነገ ይመጣል» ሲል ከሰማሁ፣ ጋቢዋን ጥግ ከጥግ አስተካክላ ስታጣጥፍ ትታየኛለች።

አያ ፈንታ ለወንድሟ መልእክት ሰደደ፤ አስከሬኑም በዚያው ምሽት ወደ ወንድሟ ቤት ተወሰደ። ሐኪሙ ግን ውሸታም ብሎ ሰደበኝ፤ ራሴ እነግራታለሁ ብሎ ሊነጋጋ ሲል መኪናውን አስነሣ፣ እኔና አያ ፈንታም አብረነው ተሳፈርን። ደጇ ስንደርስ ቄሱ፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል፤ የሚያስል እንኳ የለም። የሻረግ በሯን ከፍታ ወጣች። ቤቱን ለልጇ ስትጠርግ ነበርና መጥረጊያው በእጇ ነው። የቆመውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አየችው። ማንም አንዲት ቃል አልተናገራትም። መጥረጊያው ወደቀ፤ እሷ ግን መሬት ሳትነካ የዚያ ሁሉ ሰው ክንድ ተቀበላት፤ ጩኸቷንም አገሩ አብሯት ጮኸ። ሐኪሙ አጠገቤ ቆቡን አወለቀና እንደ ትንፋሽ «አ፣ ያ» አለ። ገባኝ ማለት ነው፤ ይህን መቅደስ ከመጽሐፏ የምታገኘው አይመስለኝም።

ሐኪሙ ወዳገሩ ሄደ፣ አያ ፈንታም ሞተ፤ በአጥር ዙሪያ እንዲያ መቆም የሚያውቁትም አንድ በአንድ አለቁ። አምና ወንድሜ መራዊ ላይ ሲሞት እኔ ቡሬ ባጃጅ ውስጥ ነበርሁ። ስልኬ ጮኸ፤ ድምፁን የማላውቀው ጎረምሳ፣ ወንድምዎ አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሹፌሩ ዞር ሳይል፣ «አባባ፣ የት ላውርድዎት?» አለኝ። የሚይዘኝ ክንድ ፈለግሁ። አጠገቤ የነበረው ግን የማን እንደሆነ የማላውቀው የጤፍ ጆንያ ነው፤ እሱን ተደገፍሁ።