የእህቴ ጣት ያረፈበት ወረቀት

እህል በረንዳ ስንሠራ ጥራጊው የእኛ ነበር። ጤፍና ስንዴ ከመኪና ሲወርድ መሬት ላይ የፈሰሰውን ጠርገን፣ አፈሩን በሰፌድ አበጥረን፣ የተረፈውን በጨርቅ ቋጥረን ከመቀነታችን ሥር እናስራለን። ይህን ነጋዴው ያውቃል፣ ተሸካሚው ያውቃል፣ ፖሊሱም ያውቃል። ቋጠሮው የት እንደሚታሰር በተለይ ፖሊሱ አሳምሮ ያውቃል።

«የመንግሥት እህል እየወጣ ነው» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ፍተሻ ይመጣል። ኩንታል የጫነ መኪና እያዩት ያልፋል፤ የሚፈተሸው የሴት ወገብ ነው። ሴት ፈታሽ የለም ወይ ብለን ስንጠይቅ «ምን ደብቀሽ ነው?» ይሉና እርስ በርስ ይሳሳቃሉ። እጃቸው ደግሞ ወገብ ላይ አይቆምም ነበር። ይህን የምጽፈው አፍሬ አይደለም፣ ተናድጄ ነው።

ታላቅ እህቴ እኔን ከገጠር አምጥታ፣ እየሠራች አስተማረችኝ። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ረፋድ ላይ አንዱ ፖሊስ ቋጠሮዋን ፈትቶ ስንዴውን ጭቃው ላይ አፈሰሰውና እጁን መልሶ ደረቷ ውስጥ ከተተ። እጁን ይዛ አሽቀነጠረችው። በቆመጥ ፊቷን መታት። ከግራ ዓይኗ ሥር ቆዳው ተሰነጠቀ።

ያን ቀን ሰዉ ተቆጣ፤ እኛም ልንከስ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን፣ ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደያዙ እስከ ጣቢያው በር ተከተሉን። ከጎጃም በረንዳ የመጡ ጋሪ ገፊዎች ጋሪያቸውን ጥለው ተቀላቀሉ። «እናት የላችሁም? እህት የላችሁም?» እያሉ ይጮኻሉ። አምስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ማውራት በሚያስጠረጥርበት ዘመን ያን ያህል ሰው ለአንዲት እህል አበጣሪ መጮኹን ሳይ ደረቴ ተነፋ። ሞኝ ነበርኩ።

ውስጥ ተረኛው አምሳ አለቃ የእህቴን ፊት ቀና ብሎ አየና «ባልሽ ነው የመታሽ?» አላት።

«ፖሊስ ነው» አለች።

«ምን ብለሽው?»

«እጅህን አውጣ ነው ያልኩት።»

ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ «ባል አላት?» አለኝ። የላትም ስለው «እንግዲህ ለዚህ ነው» አለ። ምኑ ለዚህ እንደሆነ አልገባኝም እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ ገብቶኛል። የክስ ማመልከቻ እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጻፍኩላት። በር ላይ ያለው ሰው ጩኸት ስላላማረው ተቀበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣብን። የምንሠራበት መደብር ባለቤትና ሁለት አዛውንቶች ናቸው። ሦስቱንም በጣቢያው በር ላይ ሲጮኹ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አሁን ግን ቤታችን ገብተው «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ወጉ ነው። ሽማግሌ አቁማ የመለሰች ሴት በሰፈሩ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን።

«ልጄ፣ የደረሰብሽ አልጠፋንም» አሉ ባለ መደብሩ። «ግን የዚያን ቀኑን ነገር አድማ ብለውታል። ስም ዝርዝር ተይዟል፤ ተሸካሚዎቹ ሊታፈሱ ነው። አንቺ ይቅር ካልሽ ፋይሉ ይዘጋል።»

«ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኛ፣ ጋሼ።»

«እኛን ልኮ የለም እንዴ!»

«እናንተማ አልመታችሁኝም።»

አሁንም አልተቀመጡም። ቆሙ፣ ቆሙ። በመጨረሻ የአንደኛው አዛውንት ጉልበት ሲብረከረክ አየችና «ይቀመጡ፣ አባባ» አለች። ተቀመጡ። ባለ መደብሩ ወዲያው ከኮታቸው ኪስ ጣቢያው የጻፈውን የዕርቅ ወረቀት አወጡ። የተማርኩት እኔ ነኝና እንዳነብላት ለእኔ ሰጡኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ፊት ታርቀዋል ይላል። ዓይኔ ግን ከአፌ ቀድሞ መሃሉ ላይ ደረሰ፦ «አመልካቿ የፖሊስ ባልደረባውን በመስደቧና በመተናኮሏ በተነሳው ግርግር ወድቃ ፊቷ ላይ ቀላል ጉዳት ስለደረሰባት»። ቀና ስል ባለ መደብሩ አፍጥጠውብኛል። ይህን ባነብላት ወረቀቱን ትቀደዋለች፤ ሰው ይታሰራል፣ እኛም ከሥራ እንባረራለን ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉ በላይ ፈርቼ ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈለግሁ። ያንን መስመር ዘልዬ «ወደፊትም ላይካሰሱ ተስማምተዋል» የሚለውን አነበብኩ። እህቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። አንዱን ቅጂ ለእሷ ተዉላት።

ሳምንት ሳይሞላ ፖሊሱ በረንዳው ላይ ተመልሶ ቆመ። ሲጮኹ የነበሩት ሁሉ ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ ሰላም ይሉታል። ፍተሻውም እንደ ወትሮው ቀጠለ።

ከዓመት በኋላ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ሲከፍት እህቴ ተመዘገበች። ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ከሁሉ ቀድማ ማንበብ ቻለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥብ ያን ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች፣ ፊደል በፊደል ታነብ ጀመር። «በመስ...ደቧ...» ስትል እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። አላቆመችም። «ወድቃ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

«ይሄ ያን ቀንም ነበረ?» አለችኝ።

«ነበረ።»

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት መልሳ አጠፈችው። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ እንዴት በወደድኩ።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ያን ፖሊስ ብቻ ስረግም።»