ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ሰውዬ

ይህ የሆነው በፈረንጆች 2015 ላይ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ ላይ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ የደንበኛ መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ዓመታት አልፈዋል፤ ጋደም ባልኩ ቁጥር ግን የዚያ ሰውዬ ድምፅ ይመጣብኛል።

የሐሞት ከረጢቴ በኦፕራሲዮን ወጥቶ አንድ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው፤ መሀሉ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነጭ ሽማግሌ ነበር። ጠያቂ የለውም። ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ቋንቋውን ግን ማንም አያውቀውም። ነርሶቹ እርጅና ነው፣ ይቃዣል ይላሉ። ቀና ብሎ ሊቀመጥ ሲታገል መልሰው በጀርባው ያስተኙታል። ያን ጊዜ አንዱን ነገር እየደጋገመ ይጮኻል።

መጋረጃው ገለጥ ሲል አየዋለሁ። ይናገርና ዝም ይላል፤ ዓይን ዓይናችንን ያያል፤ ደግሞ ይናገራል። የሚቃዥ ሰው መልስ አይጠብቅም። እኔም መጀመሪያ እዚህ አገር ስገባ እንደዚያ ነበር የሰው ዓይን የማየው።

ለእኔ በጎማ የሚገፋ ስክሪን ያመጡልኛል፤ በእሱ ላይ እየታየች ከሌላ ስቴት አንዲት የእኛ አገር ልጅ ታስተረጉምልኛለች። ነርሷ ስለ ቁስሌ ስትጠይቀኝ ለልጅቷ፣

"የኔን ተዪው ልጄ። ይሄ ሰውዬ ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ የሚሰማው ሰው ይፈልጉለት በይልኝ" አልኳት።

"ጋሼ፣ በኦፕራሲዮን ማግስት የጎረቤት ጠበቃ ሆኑ?" ብላ ሳቀች። ግን አንድም ሳታስቀር ነገረችልኝ።

ነርሷ ፋይሉ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው የሚለው አለች። ቢሆንም ለቤት አከራዩ ደወለች። ለካ ሰውዬው የተወለደው ዌልስ የሚባል፣ ከእንግሊዝ ጎን ያለ የራሱ ቋንቋ ያለው አገር ነው። ስንት ዘመን በእንግሊዝኛ ሲኖር ኖሮ፣ ሕመሙ እንግሊዝኛውን ወስዶ የእናቱን ቋንቋ ብቻ ትቶለታል።

በማግስቱ ከሰዓት በዚያው ስክሪን አንዲት የዌልስ ነርስ ቀረበች። እዚያው አገሯ በሽተኛን በገዛ ቋንቋው ማከም የተማረች ናት አሉ። ገና ሰላም ስትለው አለቀሰ። ሲነግራት ቆየና ፊቷ ተለወጠ፤ ለእኛዋ ነርስ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ያቺን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አላጣም። "በጀርባዬ አታስተኙኝ፣ እየሰመጥኩ ነው" ነበር የሚለው።

ልቡ ደክሞ ሳምባው ውሃ ቋጥሯል። የእኛዋ ነርስ አፏን በእጇ ያዘች። ሐኪም በሩጫ መጣ፤ ደግፈው አስቀመጡት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ ትንፋሹም ትንሽ ቀለል አለው። ስክሪኑን ዘግተው ይዘው ወጡ።

ሁለታችን ስንቀር ወደ እኔ ዞረ። በዚያው ቋንቋው በዝግታ፣ ረዘም አድርጎ አንድ ነገር ነገረኝ። ተናግሮ ሲጨርስም ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። የሚያስተረጉም የለ፣ ዝም ማለቱም አላስቻለኝ።

"እሺ" አልኩት በአማርኛ።

ራሱን ነቅንቆ ዓይኑን ከደነ።

ጠዋት ስነቃ አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። ነርሷ ስታየኝ ሌሊት ማረፉን ነግራኝ መጋረጃውን ሰብስባ ወደ ግድግዳው ገፋችው።

ልጄ "አባዬ፣ አመሰግናለሁ እያለህ ነው እኮ፣ በቃ አትጨነቅ" ትለኛለች። ይሆናል። ምስጋና ግን ያን ያህል አይረዝምም። አደራ ሰጥቶኝ ከሆነስ እላለሁ። እንድነግርለት የፈለገው ሰው ኖሮ ከሆነስ? እኔ እንደሁ እሺ ብዬዋለሁ።