ጠበል የጠጣው ሚኒባስ

አዋሽ፣ ሲነጋጋ

ጎህ ሲቀድ ወደ ሰመራ ለመሳፈር መናኸሪያ መገኘት ነበረብኝ። የተገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ነው።

እህቴ ማርታ ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አላት፤ አጠገቧ ዘመድ የለም። ትናንት ደውላ “ምንም አታምጣ፤ ሳልገባ ብቻ ድረስልኝ” አለችኝ።

እኔ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት “አምልኮ በዕለት ኑሮ” የሚል ትምህርት የምሰጥ ሰው ነኝ። አምልኮ በቅጥር ግቢ አያበቃም እያልኩ ስንቱን አሰልችቻለሁ። ታዲያ ለታማሚ እንዴት ባዶ እጄን ልሂድ? ዕለቱ ሚካኤል ነው። አስቀድሼ፣ ጠበል በጀሪካን ቀድቼ ስወጣ የጠዋቱ መኪና ሄዷል። በቅዳሴው መሃል ሰዓቴን ስንቴ እንዳየሁ መልአኩ ያውቃል።

ያገኘሁት የሰይድን ሚኒባስ ነው። ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ነጠላዬን አይቶ መምህር ብሎ ሰየመኝ። “አብሽር መምህር፣ እናደርስሃለን” አለኝ። መኪናው እስኪሞላ ፀሐይዋ በረታች። ጀሪካኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።

ገዋኔ፣ ምሳ

የመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ካለፈ በኋላ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ግመል፣ ከጅቡቲ የሚመለስ ተሳቢ፣ እንደገና ቁጥቋጦ። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ነው።

ገዋኔ ምሳ ቤት ስንቀመጥ ሁሉም ጥብስ አዘዘ። እኔ ግን “ሥጋው የማን ነው?” ብዬ ጠየቅኩ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ የምሳ ቤቱ ባለቤት ታውቃለች፤ የወሎ ሙስሊም ናት።

“የኛው እርድ ነው ወንድሜ። ላንተ ሽሮ ይሻልሃል፤ እሱን ማንም አላረደውም” አለችኝ።

ሰይድ ጉርሻው ሊያንቀው ደረሰ። ሽሮዬ እስኪፈላ የጥብሱ ሰዎች በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው መኪናው ውስጥ ይጠብቁኛል። ያኔ ማርታ ደወለች።

“የት ደረስክ?”

“ቀርቤያለሁ” አልኳት። ጠበል ይዞ የሚዋሽ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እኔ ነኝ።

አዳይቱ ሳንደርስ

ከመኪናው አፍንጫ እንፋሎት ተነሳ። ሰይድ ዳር ይዞ ቆመ፤ የራዲያተሩ ውሃ አልቋል። “ውሃ ያለው ሰው?” ብሎ ዞረ። የሁላችንም ፕላስቲክ ባዶ ነው። የምናስቆማቸው ተሳቢዎች አቧራ አልብሰውን ያልፋሉ።

እኔ ጀሪካኑን በተረከዜ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት። የአምልኮ ሥራ አልነበረም።

አጠገቤ የተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ በዱላቸው ጫፍ ነጠላዬን ገለጥ አደረጉና “ይሄስ ምንድን ነው?” አሉ።

“ጠበል ነው” አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

እጁን የዘረጋው ሰይድ ሰበሰበው። “እንዲያ ከሆነስ እኔ አልነካውም፤ የሰው ሃይማኖት ነው። የሚቆምልን መኪና እንጠብቅ” አለ።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። ስልኬ ጮኸ።

“ከኔ በፊት ሁለት ሰው ነው የቀረው” አለች ማርታ። እያለቀሰች ነበር። እኔም ፈራሁ፤ ለእሷም ፈራሁ፣ እዚያ አስፋልት ላይ ጀሪካን ታቅፌ ስለመቅረቴም ፈራሁ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ሰይድ ክዳኑን በጨርቅ ከፈተ። “በስመ አብ” ብዬ አማትቤ ጠበሉን ራሴ አፈሰስኩበት፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ሰይድ “ቢስሚላህ” ብሎ ቁልፉን አዞረ። ስለ አምልኮ ባስተማርኩት ሁሉ ውስጥ ራዲያተር ላይ ስለማማተብ አንድም ቃል የለም።

ሰመራ

ማርታ በሰማያዊ የሆስፒታል ልብስ፣ የሚገፋ አልጋ ላይ ሆና ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ደረስኩባት። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ባዶው ጀሪካን ላይ ነው።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ጠበል ነበር። መኪናው ጠጣው።”

ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አታስቀኝ፣ ያመኛል። ደግሞስ ከሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳልቀምስ ተከልክያለሁ። ምንም አታምጣ ያልኩህ እኮ ለዚህ ነው።”

“አቡነ ዘበሰማያት” እንድንደግም ፈለገች። ጀመርኩላት፤ መሃሉ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ጸሎት ጠፋብኝ። እሷ እጄን ይዛ ጨረሰችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አልጋው ጠርዝ ላይ አየችና “ያዝልኝ፣ እንዳይጠፋ” አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

አንዲት ነርስ ወንበር አሳየችኝ። መቀመጥ አልቻልኩም። መዝሙረ ዳዊቴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ እንዳላወጣው እጄ ተይዟል። የማርታን ጫማ ደረቴ ላይ ይዤ ከበሩ ፊት ቆምኩ። ሰዓቴን አላየሁም።

ሲመሽ ነርሷ ብቅ አለች።

“ደኅና ናት፣ ነቅታለች። ‘ወንድሜ አለ?’ እያለች ነው።”

“አለሁ” አልኩ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ።